ከቃልኪዳን መኪና ያወጣሁት ቦርሳ

ከባለጉዳዮቹ ሌላ ይህን ነገር የሚያውቁት የንስሐ አባቴ ብቻ ናቸው። ስነግራቸው አቀርቅረው ሰሙኝና መጨረሻ ላይ «ልጄ፣ ልጅቷ ብትሞት ኖሮ ምን ልትይኝ ትመጪ ነበር?» አሉኝ። ለእናንተ የምናገረው እኔ ያኔ የነበርኩበት ቦታ ላይ አሁን ያለ ሰው ከመሐላችሁ አይጠፋም ብዬ ነው።

ወይንሸት እባላለሁ። ነገሩ የሆነው በ2022 መጀመሪያ፣ እዚሁ ኮሎምበስ ነው። ያኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። እኔና ባለቤቴ ጌታሁን ከሱዳን የስደተኞች ካምፕ ወጥተን እዚህ ከተማ ከገባን አሥራ አራት ዓመት አልፎናል። ክሊንተንቪል የሚባል ሰፈር ውስጥ አሮጌ ግን ጠንካራ ቤት አለን፤ ከጀርባው አንድ መኪና የሚይዝ ጋራዥ አለው። እኔ ሆስፒታል ምግብ ክፍል እሠራለሁ። ጌታሁን የዕቃ ማድረሻ መኪና ይነዳል፤ ልቡ ያለው ግን ጋራዡ ውስጥ ነው።

ዊንተር ሊገባ ሲል የሚያውቀን ሰው ሁሉ መኪናውን ይዞ ይመጣል። ጌታሁን ለማንም ቢሆን ሥራውን አያጓድልም። ባትሪውን ይለካል። የጎማው ጥርስ ውስጥ ሳንቲም ሰክቶ ምን ያህል እንደተበላ ያያል። የመስታወት ማጠቢያውን ውሃ አፍስሶ የማይረጋውን ሰማያዊ ፈሳሽ ይሞላል። ሲጨርስ እጁን እየጠረገ «ነዳጅህ ከግማሽ እንዳይወርድ» ይላል፤ እንደ ቡራኬ ነው የሚላት።

ድሮ የእጅ ባትሪ የማበራለት እኔ ነበርኩ። ኮፈኑ ሥር ተጠግተን፣ በአፋችን እንፋሎት እየወጣ፣ ስለ ልጃችን ስለ ሶልያና እያወራን እንሠራ ነበር። ከዚያ ኮሮና መጣ፤ ሆስፒታሉ ኦቨርታይም በኦቨርታይም ሆነ። ቅዳሜ ቤት ስውል መተኛት ብቻ ሆነ ሥራዬ። ጋራዥ መውረድ ተውኩ። መቼ እንደተውኩት ግን ልብ አላልኩትም።

ቃልኪዳን የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ዲቪ ደርሷት ከአዲስ አበባ ከመጣች ዓመት ሆኗታል። ዋይንላንድ ፓርክ የሚባል ሰፈር ከሁለት እኩዮቿ ጋር ቤት ተከራይታ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ሉዊስ ሴንተር ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ቤተ ክርስቲያን ነው የተዋወቅናት። ክሪስማስ አካባቢ የመጀመሪያ መኪናዋን ገዛች፤ ግራጫ፣ አሮጌ።

«ይቺ ልጅ ስኖው ላይ ነድታ አታውቅም» አለኝ ጌታሁን። «ቅዳሜ አምጪው ብያታለሁ።»

«ጥሩ አደረግህ» አልኩት። ከልቤ ነበር።

ቅናት እንዴት እንደጀመረኝ ልንገራችሁ። በሳቅ ነው የጀመረኝ። ያን ቅዳሜ ማድ ቤት ሆኜ ዕቃ ሳጥብ ከጋራዡ የጌታሁን ሳቅ ተሰማኝ። ፈገግታ አይደለም፤ ሆዱን ይዞ የሚስቀው ሳቅ። ያን ሳቅ ከሰማሁት ስንት ጊዜ እንደሆነኝ ለማሰብ ቆምኩ። ሊታወሰኝ አልቻለም። እጄን ሳልጠርግ፣ ካፖርት ደርቤ ወረድኩ።

የቃልኪዳን መኪና ትራንክ፣ የኋላ ዕቃ መጫኛው፣ ተከፍቷል። ጌታሁን በአንድ ትልቅ ሰማያዊ ቦርሳ ውስጥ ዕቃ እያሳየ ይከትታል። የምትታጠፍ አካፋ፣ የሞተ ባትሪ የሚያስነሣ ጃምፐር ኬብል፣ የእጅ ባትሪ፣ ወፍራም ጓንት፣ የስልክ ቻርጀር።

«እትዬ ወይንሸት፣ ይስሙማ!» አለችኝ ቃልኪዳን እየሳቀች። «የድመት አሸዋ ያዢ አሉኝ። ድመት የለኝም እኮ ብላቸው ሳቁብኝ።»

«ጎማሽ ሲሽከረከርብሽ ሥሩ የምትበትኚው ነው» አለ ጌታሁን ዓይኑን እየጠረገ።

እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ግን መሐል ላይ ቆመ። ጌታሁን ከመደርደሪያው አረንጓዴ ብርድ ልብስ አንሥቶ፣ አጣጥፎ፣ ከቦርሳው ከተተው። ያ ብርድ ልብስ እዚህ አገር በመጣን በመጀመሪያው ዊንተር፣ ማሞቂያው የተበላሸ መኪና ስነዳ፣ ጉልበቴ ላይ ጣል እንዳደርገው ጌታሁን የገዛልኝ ብርድ ልብስ ነው።

ማታ ራት ላይ ጠየቅሁት። «አረንጓዴውን ብርድ ልብስ ሰጠሃት?»

«አዎ። አንቺ እኮ ከነካሽው ስንት ዓመትሽ! ለመኪናሽ አዲስ እገዛልሻለሁ።»

«የኔን መኪና መቼ ነው የምታየው?»

«የሚመጣው ቅዳሜ።»

የሚመጣው ቅዳሜ ሥራ ጠሩት። የኔ መኪና ሳይታይ ቀረ። እኔም በልቤ መዝገብ ከፈትኩ። ስልኩን ማየት ጀመርኩ፤ እያፈርኩ ልንገራችሁ እንጂ እውነት ነው። ያገኘሁት ይህን ነው፦ «ጋሼ፣ የጎማ ምልክት በራብኝ።» «አየር አንሶት ነው፤ ሙዪው።» «እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።» ይችን ነገር አሥር ጊዜ አነበብኳት። «እግዜር ይስጥልኝ» ውስጥ ሌላ ነገር ፈለግሁ። ሲጠፋ ደግሞ፣ አጥፍተውት ነው አልኩ።

በጥር መጨረሻ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቃልኪዳን ኬክ ይዛ ለምስጋና መጣች። ጌታሁን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ስለ ሥራዋ ይጠይቃታል፤ እሷ ትመልሳለች፤ እሱ በጥሞና ይሰማል። እኔን እንደዚያ ሲሰማኝ አላይም ብዬ አሰብኩ። ተነሣሁ።

«ቃልዬ፣ መኪናሽ የጎረቤቶቹን መውጫ ዘግቷል። ቁልፉን ስጪኝና ላንቀሳቅስልሽ።»

«ውይ እትዬ፣ እኔ ልሂድ…»

«ተቀመጪ፣ ብዪ።»

መኪናው ምንም አልዘጋም ነበር። ትራንኩን የከፈትኩት ብርድ ልብሴን ልየው ብዬ ነው፤ ቢያንስ ለራሴ የነገርኩት እንደዚያ ነው። ቦርሳውን ስከፍት ከላይ ታጥፎ ተቀምጧል። እሱን ብቻ ላወጣ ስጎትት የኋላ በራችን ሲከፈት ሰማሁ። ደነገጥኩ። ቦርሳውን እንዳለ ብድግ አድርጌ ትራንኩን ዘጋሁ፤ በምድር ቤቱ በር ገብቼ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ወሸቅኩት። በሩን የከፈተችው ሶልያና ነበረች፤ ቆሻሻ ልታወጣ። ቁልፉን መልሼ ለቃልኪዳን ስሰጣት «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አለችኝ።

ያን ሌሊት አልጋ ላይ ሆኜ የተሰማኝን ልደብቃችሁ አልችልም። ደስ አለኝ። ትንሽ፣ መጥፎ ደስታ።

ሰኞ ልመልሰው አሰብኩ። ምን ብዬ? ማክሰኞ ሶልያና ልብስ ልታጥብ ወርዳ «ማም፣ ዋት ኢዝ ዚስ ባግ?» ብላ ጮኸች። «የአባትሽ ነው፤ ተይው» አልኳት። ረቡዕ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ስለሚመጣው ስኖው ብቻ ያወራ ነበር። መጀመሪያ ዝናብ፣ ዝናቡ መሬት ላይ ወደ በረዶ ይለወጣል፣ በላዩ ስኖው። ጌታሁን መስኮቱ ጋ ቆሞ «ቃልኪዳንን እንኳ አላስብላትም፤ ሁሉን አሟልቼላታለሁ» አለ። ዞር ብሎ አየኝ። «የአንቺን ግን ሳላየው ቀረሁ። ነገ እንዳትነጂ፤ እኔ አደርስሻለሁ።»

ልነግረው የምችልበት ሰዓት ያ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሥራ ሳትወጣ ቦርሳውን እናደርስላት ነበር። እኔ የሰማሁት ግን ስሟን መጀመሪያ መጥራቱን ብቻ ነው።

ሐሙስ ከቀትር በፊት ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ። ጌታሁን ከሥራ ቀደም ብሎ ወጥቶ እኔንም ይዞኝ ቤት ገባን። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ገደማ፣ በዚህ አገር አቆጣጠር አራት ሰዓት መሆኑ ነው፣ ስልኩ ጮኸ። ስፒከር ላይ አደረገው።

«ጋሼ… ቃልኪዳን ነኝ። መኪናው አንሸራቶኝ ቦይ ውስጥ ገባሁ።»

«ተጎዳሽ?»

«አልተጎዳሁም። ሀይዌዩ ተዘጋግቶ ቆሞ ነበር፤ በትንሹ መንገድ ልዙር ብዬ ነው። ሰው አያልፍም። መኪና ጎታቾቹን ኮል አደረግኳቸው፤ አምስት ሰዓት ይፈጃል አሉኝ። ስልኬ ደግሞ አሥር ፐርሰንት ነው ያለው።»

«አይዞሽ። የት እንዳለሽ ላኪልኝ።» የካርታው ምልክት መጣ፤ ከሉዊስ ሴንተር ወዲህ፣ እርሻ መሐል የሚያልፍ መንገድ ነው። «ሞተሩ በርቷል?»

«አዎ፣ ለሙቀት ብዬ። አንድ ሰዓት ሊሆነኝ ነው። ራሴን ግን አሞኛል ጋሼ። እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል።»

የጌታሁን ፊት ሲለወጥ አየሁ። መኪና ቦይ ገብቶ በረዶ የጭስ ማውጫውን ከደፈነው ጭሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል። አይታይም፤ የሚገድለው ክፍሉ አይሸትም፤ ሰው እንደተኛ ይቀራል። ይህን ለሚያስተምረው ሁሉ ይናገራል፤ እኔም ስንቴ ሰምቼዋለሁ።

«ቃልዬ፣ ስሚኝ። አሁኑኑ ሞተሩን አጥፊ። መስኮቱን ክፈቺ። አጠፋሽ?»

«አጠፋሁ።»

«ጎበዝ። ከትራንክ ቦርሳውን አውጪ፤ ጓንቱን አድርጊ፤ በአካፋዋ ከኋላ በጭስ ማውጫ ቱቦው ዙሪያ ያለውን በረዶ ጥረጊ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ተጠቅልለሽ ጠብቂኝ።»

የሚሰማው ነፋሱ ብቻ ነው።

«ቃልኪዳን?»

«ቦርሳው የለም ጋሼ።»

«እንዴት የለም? በእጄ ነው ያስቀመጥኩት። በደንብ እዪ!»

«የለም…» ድምፅዋ ተሰበረ።

ጌታሁን ግራ ገብቶት እኔን አየኝ፤ እንዳግዘው ነው ያየኝ። ጠረጴዛውን ያዝኩ።

«እኔ ነኝ ያወጣሁት» አልኩ። «ምድር ቤት ነው ያለው።»

አልጮኸብኝም። ዓይኑን ከኔ ላይ አንሥቶ ስልኩን አየ። «ቃልዬ፣ እግርሽ ሥር ያለውን ምንጣፍ ንቀዪው። እሱን እንደ አካፋ ያዢ። ቱቦውን ካላጸዳሽ ሞተሩን እንዳታስነሺ። መጣሁ።» ከዚያ ለኔ፣ ለማያውቀው ሰው በሚናገርበት ድምፅ፣ «አምጪው» አለኝ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ቦርሳውን ይዤ ስመለስ እሱ 911 ደውሎ ቦታውን እየነገራቸው ነው። እንልካለን፤ ግን መንገዱ ሁሉ አደጋ ነው አሉት። ሶልያናን «ቤት ቆዪ፤ ስልክሽን አትልቀቂ» ብለናት በሱ መኪና ወጣን። ለቃልኪዳን መልሰን ስንደውል ስልኳ ዘግቷል።

በደህና ቀን ሃያ ምናምን ደቂቃ የሚወስድ መንገድ ነው። ያን ቀን በእግር የሚሄድ ሰው ይቀድመን ነበር። ጌታሁን ፍሬን ሳይነካ፣ ጣቶቹ መሪው ላይ ነጭ እስኪሆኑ ጨብጦ ይነዳል። ዋይፐሩ ይመላለሳል። ግራና ቀኝ መኪኖች ባለቤቶቻቸው ጥለዋቸው የሄዱ ይመስል በየአቅጣጫው ዞረው ቆመዋል። ቦርሳውን ጉልበቴ ላይ አቅፌዋለሁ።

ብዙ ከሄድን በኋላ «መቼ ነው ያወጣሽው?» አለኝ።

«እሑድ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው።»

ቢሰድበኝ ምነኛ በቀለለኝ! እሑድ ለሠራሁት ቅናቴን ምክንያት ማድረግ እችል ነበር። ለሰኞ፣ ለማክሰኞ፣ ለረቡዕ ግን ምን ልል ነው? በእነዚያ ቀናት ቁጭ ብዬ አስቤበታለሁ እኮ። አስቤ ነው የተውኩት።

እየመሸ ሲሄድ ትንሹ መንገድ ላይ ደረስን። ሰማዩና ሜዳው አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነዋል። ካርታው ደረሳችሁ ይላል፤ መኪና ግን አይታይም። ጌታሁን ቀስ እያለ ወደፊት ሄደ፣ ተመለሰ። መኪናዋን ያየኋት እኔ ነኝ፤ ከበረዶው በላይ የጎን መስታወቷ ብቻ ወጥቶ ነበር።

መኪናው ሳይቆም ነው የወረድኩት። ቦዩ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ሰመጥኩ፤ ወደቅሁ፤ በእጄ ዳኽኩ። መስታወቱን ጠርጌ ስመለከት፣ የኋላ ወንበር ላይ ምንጣፎቹን ደራርባ ተጠቅልላለች። ዓይኗ ተከድኗል። መስታወቱን ደበደብኩ። «ቃልዬ! ቃልኪዳን!» አትንቀሳቀስም። ያችን ደቂቃ ከሕይወቴ ላይ ቆርጬ ብጥላት ደስታዬ ነው። እንደገና ደበደብኩ። ዓይኗ ተገለጠ።

ጌታሁን በአካፋው በሩን ቆፍሮ ከፈተው። ገብቼ አቀፍኳት። ብርድ ልብሱን አለበስኳት። እጆቿ እንደ እንጨት ደርቀዋል፤ በባዶ እጇ ነው ያን ሁሉ በረዶ የጠረገችው። ካፖርቴን ከፍቼ እጆቿን ብብቴ ሥር ከተትኩ።

«አጸዳሁት እትዬ» አለችኝ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። «ከዚያ ግን ሞተሩን ማስነሣት ፈራሁ። እንቅልፍ እንዳይወስደኝ።»

«ቦርሳሽን የወሰድኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ካሁን በኋላ አንዲት ደቂቃ ላቆየው አልፈለግሁም። «ቀንቼብሽ ነው።»

«አውቄያለሁ» አለች። «ማክሰኞ ትራንኩን ስከፍት አጣሁት። ቁልፉን የያዙት እርስዎ ብቻ ነበሩ። ለጋሼ ልነግራቸው ብዬ ቤታችሁን እበጠብጣለሁ ብዬ ተውኩት። ሌላ ልገዛ አስቤ ነበር… ሳይመቸኝ ቀረ።»

አስቡት። እኔ ቤቴን ልታፈርስ ነው ብዬ የጠረጠርኳት ልጅ፣ ቤቴ እንዳይፈርስ ብላ በበረዶ ውስጥ ባዶ እጇን ወጥታለች።

አምቡላንሱ ጥቂት ቆይቶ መጣ። ኦክስጅን አደረጉላት። ሆስፒታል አንድ ቀን አቆዩዋት፤ ሞተሩን ባታጠፋው ኖሮ ብዙ ጊዜ አልቀራትም ነበር አሉን። ጉዳት የቀረባት የግራ እጇ ሁለት ጣቶች ጫፍ ላይ ነው። ቆዳው ዳነ፤ ስሜቱ ግን አልተመለሰም።

ጌታሁን አሥር ቀን ያህል ከሚያስፈልገው ቃል በላይ አላወራኝም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የመኪናዬን ኮፈን ከፍቶ ሲሠራ አገኘሁት። ወርጄ በሩ ላይ ቆምኩ።

«እኔን ጠርጥረሽ ነበር?» አለኝ ሳይዞር።

«ከሷ ጋር ስትስቅ ሰማሁህ።»

ዕቃውን አስቀመጠ። «ወይንሸት፣ እኔ ጋራዥ ውስጥ ሰው ካነጋገርኩ ስንት ጊዜዬ እንደሆነ ታውቂያለሽ? አንቺ ትሰሚኝ ነበር። ከዚያ ደከመሽ፤ አልፈርድብሽም። ልጅቷ ስትመጣ ‹ይሄ ምንድነው ጋሼ፣ ያኛውስ?› አለችኝ። ደስ አለኝ። ሌላ ምንም የለም።» ቆየት ብሎ ደግሞ «መቅናትሽን ብትነግሪኝ ኖሮ እስቅብሽ ነበር፤ ከዚያ አዲስ ብርድ ልብስ እገዛልሽ ነበር» አለኝ። አለቀሰ። በአሥራ ስምንት ዓመት ትዳራችን ሲያለቅስ ሳየው ሁለተኛዬ ነው።

አንባቢዎቼ፣ ቅናት ለቀቀኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ይመጣል። አሁንም ባለቤቴ ከሰው ጋር ሲስቅ ጆሮዬ ይቆማል። የተለወጠው፣ ሲመጣብኝ ብቻዬን አለማሳደሬ ነው። «ጌታሁን፣ ዛሬ ቀንቻለሁ» እለዋለሁ። አንዳንዴ ይስቃል፣ አንዳንዴ ይቆጣል፣ ግን ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። እፍረቱ ያቃጥላል፤ ቢሆንም እፍረት ሰው አይገድልም። ዝም ብዬ የያዝኩት ነገር ግን ሰው ሊገድል ምንም አልቀረውም ነበር። እናንተም የሰው ቦርሳ ምድር ቤት ወሽቃችሁ ከሆነ፣ ዛሬ መልሱት። ምን ብዬ ልመልስ የሚለውን እዚያው ስትደርሱ ታስቡበታላችሁ።

ቃልኪዳን ይቅር ብላኛለች። ይቅር ያለችኝ በቃል ብቻ አይደለም፤ «ለልጄ ክርስትና እናት ይሁኑልኝ» ብላ፣ አግብታ ባለፈው ዓመት የወለደቻትን ልጅ አሳቅፋኛለች። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንገናኛለን። በሁለት እጇ እጄን ትጨብጣለች፤ የግራዋ ሁለት ጣቶች ጫፍ እጄን አይሰማውም። እኔ ግን ሁለቱንም ለይቼ እሰማቸዋለሁ።